የእትዬ አስካለ እጅ

ባለፈው ወር ስድስት ኪሎ፣ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ መጽሐፍ ልትመልስ መጥታ ፊቴን ትኩር ብላ አየችኝ። እኔ አላወቅኋትም። ካርዷን ከሣጥኑ ፈልጌ ሳወጣ ቀኝ እጇን በቀሚሷ ላይ ሁለት ጊዜ ጠረገችና ሳቀች።

«አንቺ ነሽ አይደል? ያቺ እናት! እኛ ሰፈር እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው።»

«ነበርኩ» ብያት መጽሐፏን ተቀበልኩ። ሰው ፊት ከዚያ በላይ መናገር ድሮም አይሆንልኝም። ቀኑን ሙሉ ግን እጇ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ያን እጅ የፈጠርኩት እኔ መስያታለሁ። በቴሌቪዥን የሠራሁትን ድራማ ያየ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ትወናውን ትቼ ወደ መጻሕፍት ከዞርኩ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ስለዚያ ሥራ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። አሁን ብዕር ያነሣሁት እጁ የማን እንደሆነ ለመናገር ነው።

ወደ ቴአትር የገባሁት በእጅ ጽሑፌ ነው። ዩኒቨርሲቲ ቋንቋ አጥንቼ እንደጨረስኩ ፒያሳ ያለ አንድ ቴአትር ቤት ቃለ ተውኔት የሚገለብጥ ሰው ይፈልግ ነበር። የጽሕፈት መኪናው አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም ለደብዳቤ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ድርሻውን በእጄ እገለብጥለታለሁ፤ የራሱን ንግግርና ከእሱ በፊት የሚናገረውን ሰው የመጨረሻ ሦስት አራት ቃላት። ጥቂት ቆይቶ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ ቃል ለጠፋበት ማስታወስም የእኔ ሥራ ሆነ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምሳ ይበቃል። ወረቀቱ ግን ብዙ ነበር። ማንኛውም ድርሰት አስቀድሞ ለሚመለከተው ክፍል ይላካል፤ በየገጹ ማህተም ተመቶበት ይመለሳል። ከማህተሙ በኋላ አንዲት ቃል መጨመርም መቀነስም የለም።

እትዬ የሺእመቤትን ያወቅኋቸው ከዚያው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ነው። ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር በነበረበት፣ የሴቷን ቦታ ወንዶች ሻሽ አስረው በሚጫወቱበት ዘመን ወደ ሙያው የገቡ ናቸው። እናታቸው በዚህ ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳላነጋገሯቸው በቴአትር ቤቱ ይወራል። እኔ ስደርስ ሃምሳን አልፈዋል፤ በቴአትርም፣ በፊልምም፣ በቴሌቪዥንም ያልሠሩት እናት፣ እመቤትና ገረድ አልቀረም። ቃል ረስተው አያውቁም። እሳቸው መድረክ ላይ ሲሆኑ የማስታውሰው ስለሌለኝ ወረቀቴን አጥፌ ማየት ብቻ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ልምምድ ሲያልቅ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በየተዋናዩ ፊት ይቆሙና ይጠይቃሉ።

«ያ አረማመድ የማን ነው?»

ተዋናዩ መመለስ አለበት። «አትክልት ተራ ጭነት ከሚያወርድ ሰው፣ እትዬ የሺ።»

«ድምፁስ?»

«የአጎቴ።»

«ቁጣውስ?»

«እሱስ የእርስዎ ነው፣ እትዬ የሺ።»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ጥያቄያቸው ግን የምር ነበር። «ሰው ከሰው ይወስዳል፤ ሌላ ከየት ይመጣል?» ይሉ ነበር። «ግን ከሦስት ሰው ወስደሽ ካልቀላቀልሽው ሌብነት ነው። ባለቤቱ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ እያየሽ ልትሠሪው የማትደፍሪውን ነገር አትንኪ።»

ለቴሌቪዥን ያጩኝ እሳቸው ናቸው። የቴሌቪዥኑ አዘጋጅ ጋሽ መኮንን ከእኛ ተዋናዮች ጋር አልግባባ ብሎ ነበር። የመድረክ ሰው የመጨረሻው ወንበር ድረስ ካልተሰማ የተጫወተ አይመስለውም። «ኧረ ካሜራው ደንቆሮ አይደለም!» እያለ ሲጮህ እትዬ የሺ፣ «እዚያ መጋረጃ ጀርባ የማትጮህ ልጅ አለች» አሉት።

«እትዬ የሺ፣ እኔ እኮ አፍራለሁ» አልኳቸው።

«ጎሽ! የሚያፍር ሰው አይጮህም። ካሜራ ማለት አጠገብሽ የተቀመጠ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ላይ ይጮሃል?»

«እኛ ግቢ ይጮሃል» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ተቆረጠ።

መጀመሪያ የባንክ ጸሐፊ ሆንኩ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ቀጥሎ ሙሽራ፤ እሷማ ጭራሽ አትናገርም። አንድ ፊልም ላይ ደግሞ የመጠጥ ቤት ባለቤት እንድሆን ታዘዝኩ። እንዴት አድርጌ? እትዬ የሺ ይዘውኝ ውቤ በረሃ ወረዱና ድሮ የሚያውቋት አንዲት ባለ ቡና ቤት ዘንድ ሦስት ቀን ከምሳ በፊት አስቀመጡኝ። ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ አጠብኩ። ሴትዮዋ ከሰው ጋር እየተጫወተች፣ እየሳቀች፣ ዓይኗ ግን ከበሩ አይነሣም፤ የሚገባውን ሰው ገና በእግሩ ታውቀዋለች። ዓይኑን ከእሷ፣ ሳቁን ከቴአትር ቤታችን ትኬት ሻጭ፣ ወገብ ላይ እጅ ማሳረፉን ከአክስቴ ወሰድኩ። እትዬ የሺ ሲጠይቁኝ ሦስቱንም ቆጠርኩላቸው። «አሁን ሥራ ያዝሽ» አሉኝ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

የምኖረው ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ ሠራተኛ ሰፈር ነበር፤ አምስት ቤተሰብ አንድ የቆርቆሮ በር በምንጋራበት ግቢ። በሩ መቀርቀሪያው ስለላላ ሰው ሲነካውም፣ ነፋስ ሲነካውም እኩል ይንኳኳል። ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት እትዬ አስካለ ነበሩ። ፒያሳ ላለ አንድ ምግብ ቤት ሽንኩርት እየላጡ የሚያቀርቡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃቸው ላይ ዝቅ ባለች ዱካ ተቀምጠው፣ አንድ ኬሻ ሽንኩርት አጠገባቸው አድርገው ሲልጡ ከመስኮቴ በአንድ ጎናቸው ይታዩኛል።

ዮናስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። እኔ ወደ ግቢው ከመግባቴ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። በዚያ ዓመት በየግቢው እንዲህ ያለ ልጅ ነበረ፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። እትዬ አስካለ አላለቀሱም። ለቅሶ የሚቀመጥ ሰው መርዶ የሰማ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምንም አልሰሙም። በግቢው ስሙን የሚያነሣ የለም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ግን፣ ቀና ብለው ማን እንደሆነ ከማየታቸው በፊት፣ ቢላዋቸውን አስቀምጠው እጃቸውን በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ። ከዚያ ቀና ይላሉ። የመጣው ጎረቤት ከሆነ ቢላዋውን መልሰው ያነሣሉ። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። የግቢው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ማንም እንዳየ አይናገርም።

ዋናው ሥራዬ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጇ ግንባር የዘመተ እናት ታሪክ ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ፤ የሃምሳ ዓመት እናት ልሆን ነው። ጋሽ መኮንን ጸጉሬን ዱቄት ሊነሰንስበት ሲል እትዬ የሺ እጁን ያዙት። «ሽበት ከወገብ ነው የሚጀምረው። መጀመሪያ መቀመጥና መነሣት ትማር።» ሦስት ሳምንት ሙሉ ከወንበር ሲያስነሡኝና ሲያስቀምጡኝ ከረሙ።

የድርሰቱ ቃል ግን አስቸገረን። እናትየዋ በሩ አራት ጊዜ ይንኳኳባታል፤ አራት ጊዜም ልጇን ለአገር በመስጠቷ ምን ያህል እንደምትኮራ ትናገራለች። ቃሉን እንዳልኩት ካሜራው ፊት ይደርቃል። መለወጥ አይቻልም፤ ማህተሙ አለ። አንድ ልምምድ ላይ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ሳላስበው እጄ ተነሥቶ ቀሚሴ ላይ ተጠረገ። ከዚያ ቀና ብዬ ያንኑ የኩራት ንግግር ተናገርኩ።

ስቱዲዮው ጸጥ አለ። መብራት የሚያስተካክለው ሰው እንኳ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«አይ አንቺ ልጅ!» አለ ጋሽ መኮንን ዝግ ብሎ። «በአራቱም ላይ አድርጊው። እጅ ላይ ማህተም የለበትም።»

ልምምዱ ሲያልቅ እትዬ የሺ ፊቴ ቆሙ። «የማን ነው?»

እውነቱን ብናገር እንደሚያስጥሉኝ አውቃለሁ። የአንድ ሰው ነው፤ ከማንም ጋር አልተቀላቀለም። እትዬ አስካለ ፊት ልሠራው የማልደፍረው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ደግሞም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዎች እኔን ለማየት ጸጥ ብለው ነበር።

«የራሴ ነው» አልኩ።

አዩኝና ነጠላቸውን አስተካክለው አለፉ።

በዚያን ጊዜ ድራማ የሚቀረጸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ነበር። ቆርጦ መቀጠል ስለማይቻል አንድ ሰው መጨረሻው ላይ ቢሳሳት ሁላችንም ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ያን ቀን የጎረቤትየዋን ቦታ የምትጫወተው ተዋናይት ሁለት ጊዜ እዚያው መጨረሻው ላይ ተሳሳተች፤ ሦስት ጊዜ ሠራነው። በእያንዳንዱ አራት ጊዜ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ እጄን ጠረግሁ።

ድራማው የተላለፈው እሑድ ማታ በጊዜ ነው። በግቢያችን ቴሌቪዥን ስላልነበረ ሰው ሁሉ «ልጃችንን ልናይ» ብሎ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሱቅ ያላቸው አቶ ሽኩር በር ላይ ሲያዩኝ፣ «እማማ ትዕግሥት፣ ሽበትዎን የት ጥለው መጡ?» ብለው ሰውን አሳቁ። እትዬ አስካለም መጥተው ነበር። ከቤት ሲወጡ አይታዩም፤ ለእኔ ብለው ነው የወጡት። ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ከፊት ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ቆምኩ።

በድራማው ውስጥ በሩ ተንኳኳ። እጄ ቀሚሴ ላይ ተጠረገ።

በመጀመሪያው ላይ ማንም አልዞረም። በሁለተኛው ላይ አንዷ ጎረቤታችን ወደ እትዬ አስካለ ዞረች። በሦስተኛው የግቢያችን ሰው በሙሉ ዞረ። ያን ያህል ጊዜ አይቶ እንዳላየ የሆነው ሰው ሁሉ እኔ ስላሳየሁት አየ። እትዬ አስካለ ቴሌቪዥኑን እያዩ ሁለቱን እጆቻቸውን ቀስ አድርገው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። እስኪያልቅ ድረስ አላወጧቸውም። ሲያልቅ ሰው አጨበጨበ። እሳቸው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ጠዋት መስኮቴ ላይ ቆምኩ። ሽንኩርቱን እየላጡ ነው። በሩ ተንኳኳ። ቢላዋው አልቆመም። ቀናም አላሉም። ደግሞ ተንኳኳ፤ እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ አየሁ። ልጃቸውን የሚጠብቁበት ያ ብቻ ነበር፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ። እሱንም ወሰድኩባቸው።

በዚያው ሰሞን ጋዜጣ ስለ እኔ ጻፈ። ጋሽ መኮንንም ድራማው ለበዓል በትልቁ መድረክ እንዲቀርብ መወሰኑን ነገረኝ። «ከእናትየዋ እጅ በቀር ሌላው ቢለወጥ ግድ የለኝም» አለ። እኔ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መዋሸቴንም ጭምር።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። መስታወቱ ውስጥ እያዩኝ፣ «የራሴ ነው ስትዪኝ እጅሽን ከኋላ ደብቀሽ ነበር» አሉኝ። «ያን ቀን መጠየቅ ነበረብኝ። ሥራው ስላማረኝ ዝም አልኩ።»

«ምን ላድርግ?»

«ሂጂና መልሺላቸው።»

«እንዴት ይመለሳል?»

«እኔ እንጃ። እኔ ሳልመልስ ነው የቀረሁት።» ማበጠሪያቸውን አስቀመጡ። «እናቴ ሦስት ዓመት ያላነጋገሩኝ ቴአትር ስለገባሁ ነው ይላሉ አይደል? ቴአትሩንስ ችለውት ነበር። የመጀመሪያ ቀን ሊያዩኝ መጡና መድረክ ላይ ራሳቸውን አዩ። አባቴ ወደ ቤት ሲገቡ እናቴ አንገታቸውን እንዴት እንደሚሰብሩ ለሕዝብ አሳይቼ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሂጂ፣ ትዕግሥት። ሦስት ዓመት አትጠብቂ።»

ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዱካ ይዤ እትዬ አስካለ አጠገብ ተቀመጥኩና ቢላዋ አንሥቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ። አላባረሩኝም፤ አላናገሩኝምም። ዓይኔ ያለቅሳል፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላው ለይቼ አላውቅም። በልቤ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረ፤ ለሌላ ሰው ቃል ሳስታውስ የኖርኩ ሴት ያን ቀን ለራሴ የማስታውሰው አጣሁ።

ነፋስ በሩን አንኳኳው።

ቢላዋዬን አስቀምጬ እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። አስቤ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ልምምድ ሰውነቴ ተምሮታል። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ቀና ስል ነው፤ እትዬ አስካለ እያዩኝ ነበር። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«አንቺም መጠበቅ ጀመርሽ?» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ አስካለ። የእርስዎ ነው። ሳልጠይቅ ነው የወሰድኩት። በበዓሉ ቀን አልሠራውም፤ ትቼዋለሁ።»

አንድ ሽንኩርት ላጡ። ሌላም ጨመሩ።

«ደግሞም ተሳስተሻል» አሉ።

«እንዴት?»

«በአንድ እጅሽ ነው የሠራሽው። ከመስኮትሽ አንዱ ብቻ ነው እንዴ የሚታይሽ?» ሁለቱን እጆቻቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ቢጫ፣ በቢላዋ የተሰነጣጠቁ። «አንድ እጅ ለእንግዳ ሰላምታ ነው። ዮናስ ሲመጣ ፊቱን ነው የምይዘው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ። እሱ ደግሞ፣ ‹ኧረ እማዬ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ትያለሽ፣ መጀመሪያ ጥረጊው!› ይለኛል። ፊት በአንድ እጅ ይያዛል?»

ስሙን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ተዪው አላልኩሽም» ቀጠሉ። «ካልቀረ አስተካክለሽ ሥሪው። የማን ነው የሚል ሰው ከመጣም የአስካለ ነው በይ።»

በበዓሉ ቀን ከቀትር በኋላ በትልቁ መድረክ ላይ በሩ አራት ጊዜ ተንኳኳ፤ አራት ጊዜ ሁለቱን እጆቼን ጠረግሁ። እትዬ አስካለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ። እትዬ የሺ እንዳዘዙት የእጁ ባለቤት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እያዩኝ ሠራሁት። ዓይናቸውን ግን አላየሁም፤ አልደፈርኩም። ጋሽ መኮንን በኋላ፣ «የፊተኛው ይሻል ነበር፤ ሰዉ የለመደው አንዱን እጅ ነው» አለኝ። ከተማው እስከ ዛሬ የሚያስታውሰውም አንዱን እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሥራ ሠርቼ ተውኩት። ያባረረኝ የለም። ሰው ሰላም ሲለኝ ከፊቱ በፊት እጁን፣ አቀማመጡን፣ አተነፋፈሱን ማየት ለምጄ ነበር፤ ይህን ልማድ በእትዬ የሺ ልክ መግራት የሚችል ጉልበት እኔ የለኝም። ካርድና መጽሐፍ ይሻለኛል።

ወደ ኋላ ልመለስና፣ ከበዓሉ በማግሥቱ ጠዋት ሥራ አልነበረኝምና መስኮቴ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ አስካለ ዱካቸውን ወደ እኔ በኩል ትንሽ ዞር አድርገው ተቀምጠዋል። በሩ ተንኳኳ። ቢላዋውን አስቀመጡ፤ ቀኙን ጠረጉ፤ ግራውንም ጠረጉ፤ ከዚያ ቀና አሉ።

«ቆጣሪ!» አለ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ከውጭ።

«ግባ፣ ልጄ» አሉት፤ «ክፍት ነው።»